ቃል ከባለቤቱ ጋር እንዳይቀበር

አንባቢ ሆይ፤ በቋንቋችን ከዓይን የበለጠ የከበረ አካል መኖሩን እጠራጠራለሁ። የምንወደውን ሕፃን «ዓይኔ» ብለን እንጠራዋለን። የምንሳሳለትን ነገር «እንደ ዓይን ብሌን» እንጠብቀዋለን። አላየሁም ብሎ የሚምል ሰው «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ይላል፤ ከዚህ የከፋ ቅጣት አይታየውምና። እንግዲህ ይህን ያህል የምንሳሳለትን ነገር ለማናውቀው ሰው እንስጥ የሚል ጥሪ ሲመጣ ለጆሮ ቢከብድ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ዛሬ በዚህ ዓምድ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት እምቢ ስላሉት ሰዎች አይደለም። እሰጣለሁ ብለው ቆርጠው፥ ስማቸውንም አስመዝግበው፥ ስጦታቸው ግን ከእነርሱ ጋር ስለሚቀበርባቸው ሰዎች ነው።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንረዳ። የዓይን ባንክ «የዓይን ብሌን» እያለ የሚጠራው፥ ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት፥ እንደ ሰዓት መስተዋት ከዓይን ፊት ለፊት የተገጠመ ጥርት ያለ ስስ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ሽፋን በአደጋ ሲቆስል፥ በተሐዋስያን ሲመርዝ፥ ወይም ትራኮማ ያጣመመው ሽፋሽፍት ዓመት ሙሉ ሲፍቀው ጠባሳ ያወጣና ይደፈርሳል። ያን ጊዜ ዓይኑ ከውስጥ ደኅና ሆኖ ሳለ ሰውየው ማየት ይሳነዋል። ነገሩ ብርጭቆው በጥላሸት የጠቆረ ፋኖስን ይመስላል። ክሩ ይነዳል፥ ጋዙም አላለቀም፤ ብርሃኑ ግን ወደ ውጭ አይወጣም። ሐኪሙ የሚያደርገው የጠቆረውን ብርጭቆ አንሥቶ ንጹሕ ብርጭቆ መግጠም ነው።

ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። በኅዳር 1898 ዓ.ም. ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም ሞራቪያ በሚባለው አገር በኦሎሙትስ ከተማ፥ ዓይኖቹን ኖራ ላቃጠለው አንድ የቀን ሠራተኛ የሌላ ሰው ብሌን ተከለለት። ብሌኑ የተገኘው በአደጋ ምክንያት ዓይኑ መውጣት ግድ ከሆነበት የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ከተተከሉት ሁለቱ አንዱ ከሸፈ፤ አንዱ ግን ጸና፥ ሰውየውም ወደ ሥራው ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው የመጀመሪያው ኩላሊት በተሳካ ሁኔታ ከመተከሉ ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ምክንያቱም ጤናማ ብሌን የደም ሥር ስለሌለው የተቀባዩ ሰውነት እንደ ሌሎች አካሎች አጥብቆ አይዋጋውም። ስለዚህም በሰጪና በተቀባይ መካከል ዝምድና አይፈለግም። የመካኒሳ ሽማግሌ ብሌን ለደብረ ታቦር ተማሪ፥ የክርስቲያኑ ለእስላሙ፥ የእስላሙም ለክርስቲያኑ ብርሃን ይሆናል። አንድ ሰው ሁለት ዓይን አለውና አንድ ለጋሽ ለሁለት ሰው ይበቃል።

በአገራችን ችግሩ ምን ያህል ነው? በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት ከ1,000 ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚህ ግማሽ የሚሆኑት የታወሩት በሞራ ግርዶሽ ነው፤ እርሱ ሌላ ሕክምና አለው። ነገር ግን 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ፥ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌላ ምክንያት በደረሰ የብሌን ጠባሳ የታወሩ ነበሩ። ሁለቱ ሲደመሩ ከ100 ዓይነ ስውራን 19 ያህሉ የፋኖሳቸው ብርጭቆ የጠቆረባቸው ናቸው ማለት ነው። እርግጥ ሁሉም በንቅለ ተከላ አይድኑም። ትራኮማን አስቀድሞ የሚከላከለው ፊት መታጠብና ንጽሕና፥ የታጠፈውን ሽፋሽፍትም በጊዜ ማስተካከል ነው። ቢሆንም ብሌን ቢገኝላቸው ነገ የሚያዩ፥ አብዛኞቹም ገና በትምህርትና በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ፥ አያሌ ሰዎች በወረፋ ተቀምጠዋል።

የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሥራው በኢትዮጵያ የደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ሥር ሆኗል። ከዚያ ወዲህ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና በሌሎችም ስፍራዎች ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች ብሌን ተተክሎላቸዋል። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነው። ከሕዝባችን ብዛት ጋር ሲመዛዘን ግን ገና ጠብታ ነው። ቃል የገቡትም ሰዎች በሺህ ይቆጠራሉ፤ ከቃሉ አንጻር የተገኘው ብሌን ግን እጅግ ያነሰ ነው። እርግጥ ቃል ከሚገቡት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸውና ዕድሜ ይስጣቸው፤ ስጦታቸው ቢዘገይ ደስ ይለናል። የሚያሳዝነው ሌላው ነው። ሰጪው ዕድሜውን ጠግቦ ያርፋል፤ ካርዱ ከጋቢው ኪስ ወይም ከሣጥኑ ሥር ይቀራል፤ ቤተ ሰቡ ሲያገኘው አርባው ወጥቶ ይሆናል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩን በሰዓት እንቁጠረው። ብሌን ከሞተ ሰው የሚወሰደው በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ፥ ቢቻል በ6 ሰዓት፥ ቢዘገይ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ነው። ከተወሰደ በኋላ በተዘጋጀለት ፈሳሽ ውስጥ በቅዝቃዜ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ችግሩ ከተወሰደ በኋላ አይደለም፤ ከመወሰዱ በፊት ባሉት ሰዓቶች ላይ ነው። እንበልና አንድ የመካኒሳ ሽማግሌ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በቤታቸው ዐረፉ። ልጆች ይጮኻሉ፥ ጎረቤት ይሰበሰባል። ሲነጋጋ የዕድሩ ሰው ተጠርቶ ይመጣል። ጡሩምባ ይነፋል ወይም በስልክ ይደወላል፤ ድንኳን ይተከላል፥ አግዳሚ ወንበር ይወርዳል፥ አስከሬን ይገነዛል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጧት 3 ሰዓት ይሆናል፤ 6 ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ቀብሩ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ይሆናል ቢባል፥ ልክ በዚያች ደቂቃ 12ኛው ሰዓት ይሞላል። አፈሩ በሚመለስበት ሰዓት የብሌኑም ጊዜ ያበቃል። ሟቹ እስላም ከሆኑ ደግሞ ቀብሩ ከዚህም ይፈጥናል። ባለሙያዎቹም ከመሀል ከተማ ተነሥተው በሳር ቤት በኩል መካኒሳ እስኪደርሱ ድረስ መኪናው እንዴት እንደሚጨናነቅ የምትመላለሱበት ታውቁታላችሁ።

በዚህ ሁሉ መሀል «አባባ ዓይናቸውን ቃል ገብተው ነበርኮ» የሚል አንድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ማን ይሁን? ልጆቹ በልቅሶ ናቸው። ሚስቲቱን ማንም ደፍሮ አይጠይቃትም። በዚያ ጧት ልቡ ሳይናወጥ መዝገብ ገልጦ ሥራ የሚያካሂድ በሠፈራችን አንድ ብቻ አለ፤ እርሱም ዕድር ነው። ሞት በመጣ ሰዓት ከሐኪምም፥ ከቀበሌም፥ ከጋዜጣም በፊት የሚሰማው ዕድር ነው። ሰብሳቢ አለው፥ ጸሐፊ አለው፥ ስልክ አለው፥ የአባሎቹ ስም ከነቤተ ሰባቸው የተጻፈበት መዝገብ አለው። የጎደለው ነገር ቢኖር አንዲት መስመር ናት። በአባሉ ስም ትይዩ «የዓይን ብሌን ለመስጠት ቃል ገብቷል» የምትል መስመር፥ ከበላይዋም የዓይን ባንኩ የስልክ ቁጥር።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። ከአልኮል ፋብሪካው ሠፈር እስከ ቆሬ ድረስ ያሉት የመካኒሳ ዕድሮች በሚቀጥለው ጉባኤያቸው ጉዳዩን ከአጀንዳ ያግቡት። ማንንም ማስገደድ አይገባም፤ መዋጮም አይጨምርም። የፈቀደ በፈቃዱ ይመዝገብ፤ ያልፈቀደ አይጠየቅ፥ ስሙም አይነሣ። ያ ቀን ሲመጣ ጸሐፊው ድንኳን ከማዘዙ በፊት ስልክ ይደውል። ከዚህ ሌላ የሚጠበቅበት ሥራ የለም። ባለሙያዎቹ እስኪደርሱም ቤተ ሰቡ የሟቹን ዓይኖች ይክደን፥ በንጹሕ ውሃ የራሰ ጥጥ በክዳኑ ላይ ያድርግ፥ ራሱንም በትራስ ጥቂት ከፍ ያድርግ። ብሌኑን ከመድረቅ የሚያድነው ይህ ቀላል ጥንቃቄ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሰው በተሰበሰበበት ስናነሣ የሚመጡት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። አንደኛው፤ «ጋሼ፥ ፊቴ ተበላሽቶ ልቀበር ነው?» የሚል ነው። አይደለም። ሥራው ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባለሙያዎቹ ክዳኑን እንደ ነበረ ዘግተው ይመልሱታል፤ ሊሰናበት የሚመጣ ዘመድ ለውጥ አይታየውም። ሁለተኛው፤ «እኔ መነጽር አደርጋለሁ፥ አርጅቻለሁም፤ የእኔ ዓይን ለማን ይጠቅማል?» የሚል ነው። መነጽር ማድረግም ሆነ የሞራ ቀዶ ሕክምና ማድረግ በራሱ አያግድም። የብሌኑን ጤንነት የሚመረምሩት ባለሙያዎቹ ናቸው፤ የለጋሹም ደም ተላላፊ በሽታ እንደሌለበት ይመረመራል። ሦስተኛው በዝግታ የሚጠየቅ ነው፤ «ሐኪሞቹ ዓይኔን ፈልገው ሕክምናዬን ቸል ቢሉብኝስ?» ይህም ፍርሃት ነው እንጂ አሠራሩ አይፈቅድም። የሚያክመው ሐኪምና ብሌን የሚሰበስበው ክፍል የተለያዩ ናቸው፤ ብሌኑ የሚወሰደውም ሞቱ ተረጋግጦ ቤተ ሰቡም ሲፈቅድ ነው።

አራተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። «በትንሣኤ ቀን ጎዶሎ ሆኜ ልነሣ?» የሚል። ለዚህ መልስ የሚሰጡት የሃይማኖት አባቶች እንጂ የመጽሔት ጸሐፊ አይደለም። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥያቄው ካስጨነቃችሁ ዛሬ በጤናችሁ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለሼኩ አቅርቡት። የለቅሶ ጧት ድንኳን ውስጥ የሚነሣ ክርክር ለሟችም ለቋሚም አይበጅም።

«ሕጉስ ምን ይላል?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ነገሩ ከምታስቡት ይልቅ የቆየ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ18ኛው ቁጥር፥ ሰው በሕይወት ሳለ በአካሉ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ስጦታ የሕክምና ደንብ ካልፈቀደው በቀር እንደማይጸና ይደነግጋል። በ19ኛው ቁጥር ደግሞ አካሉን ወይም የአካሉን ክፍል፥ በሕይወት ሳለም ሆነ ከሞተ በኋላ ለመስጠት ቃል የገባ ሰው በማናቸውም ጊዜ ቃሉን መሻር እንደሚችል ይናገራል። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው ስሙን ከማስመዝገብ የሚያፈገፍገው አንድ ጊዜ ከፈረመ የማይመለስ እየመሰለው ነው። ሕጉ ግን በሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቀዋል። ዛሬ ተመዝግቦ ነገ መተው ይችላል።

እስካሁን የተነጋገርነው ከሞት በኋላ ስለሚሰጠው ነው። ኩላሊት ግን መንገዱ ሌላ ነው። ልብ መምታት ካቆመ በኋላ ኩላሊት እንደ ብሌን ለሰዓታት አይጠብቅም፤ ደም ሲቋረጥበት ወዲያው መበላሸት ይጀምራል። ስለዚህ ከሞተ ሰው ኩላሊት ለመውሰድ ሞቱ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በሐኪሞች ተረጋግጦ፥ የቀዶ ሕክምናውም ቡድን ሌሊትና ቀን ዝግጁ ሆኖ መገኘት አለበት። በአገራችን ሲሠራበት የቆየው ከሕያው ዘመድ የሚገኘው ስጦታ ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማእከል በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሥራውን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ በላይ ሰዎች ከወንድም፥ ከእኅት፥ ከወላጅ ወይም ከሌላ ዘመድ ኩላሊት ተቀብለዋል። ከዚያ በፊት ገንዘብ ያለው ወደ ሕንድና ወደ ሌላ አገር ይሄድ ነበር፤ የሌለው ደግሞ ጎረቤቱ ሲያዋጣለት ይጠብቅ ነበር።

በዚህ ረገድ የዓለም ታሪክ የሚጀምረው ከወንድማማቾች መሆኑ ደስ ይላል። በታኅሣሥ 1947 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሬይ የሮናልድ ሄሪክን ኩላሊት መንታ ወንድሙ ለነበረው ለሪቻርድ ተከለለት። ሪቻርድ ስምንት ዓመት ተጨመረለት። ሰጪው ሮናልድ በአንድ ኩላሊት ከዚያ በኋላ 56 ዓመት ኖረ። ዶክተሩም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይህ ታሪክ ጤናማ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር እንደሚችል ያስረዳል። ሆኖም ሁሉም ሰው ለመስጠት የሚበቃ አይደለም፤ የደሙ ዓይነት፥ የደም ግፊቱ፥ ስኳሩ፥ ዕድሜው ይመረመራል። ተቀባዩም ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይወስዳል። ተስማሚ ዘመድ ያላገኘ በሽተኛ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፥ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል፥ ከእጥበት መኪና ጋር ታስሮ ይውላል።

እዚህ ላይ ለቤተ ሰብ አንድ ምክር አለኝ። ወንድም ታሞ ሌላው ወንድም ጤነኛ ቢሆን፥ ዘመድ ሁሉ በዓይኑ ይጠይቀዋል። ኩላሊት ስጦታ የሚሆነው ግን እምቢ ማለት ሲቻል ብቻ ነው። ያልፈቀደውን ማሳፈር ደግ ሥራ አይደለም። ገንዘብ ከፍሎ ከድኻ ገላ ኩላሊት መግዛትም ወንጀል ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይቀጣበታል። ከሁሉ በፊት ግን ኩላሊትን የሚያጠፉት ሁለቱ ታላላቅ ጠላቶች የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ናቸውና፥ በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ተለኩ። ወረፋውን የሚያሳጥረው ይህም ጭምር ነው።

ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። ከሞት በኋላ በሚሰጥ አካል ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው አገር እስፓኝ ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ከአንድ ሚሊዮን ሕዝብ 14 ያህል ለጋሾች ነበሯት፤ በ2024 ቁጥሩ ከ50 በላይ ደረሰ። ይህን ያመጣው ሕግ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሕጉ ከዚያ በፊት በ1979 ወጥቶ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ለአሥር ዓመት ያህል አልተነቃነቀም። ነገሩን የለወጠው በየሆስፒታሉ አንድ የታወቀ ሰው መመደቡ ነው። ሞት ሲሆን ወዲያው የሚሰማ፥ ኀዘንተኞቹን በርኅራኄ ቀርቦ የሚያነጋግር፥ ስልኩንም የሚያነሣ ሐኪም። እስፓኞች ይህን ሰው በደመወዝ መቅጠር ነበረባቸው። እኛ ግን በየሠፈሩ ሳንቀጥረው አለን፤ የዕድሩ ጸሐፊ ነው።

ሕዝባችን አይሰጥም የሚል ካለ ደግሞ የደምን ነገር ይመልከት። ቀድሞ ደም ሲያስፈልግ ዘመድ ተለምኖ፥ አንዳንዴም ተገዶ ነበር የሚሰጠው። በ2004 ዓ.ም. ሥራው ከቀይ መስቀል ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛውሮ ሰው በየትምህርት ቤቱ፥ በየመሥሪያ ቤቱና በየአደባባዩ ሲጠየቅ፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው ደም ከፈቃደኞች የሚገኝ ሆነ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፤ የተለወጠው አጠያየቁና ሥርዓቱ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ እንግዲህ ከዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገር ብቻ ያዙ። ለመስጠት ከፈቀዳችሁ ስማችሁን በዓይን ባንኩ አስመዝግቡ። በዚያው ሳምንት ልጆቻችሁንና የትዳር ጓደኛችሁን ሰብስባችሁ፥ ቡና እየተጠጣ፥ አሳባችሁን በግልጥ ንገሩ፤ በመጨረሻው ሰዓት የሚፈቅዱት ወይም የሚከለክሉት እነርሱ ናቸውና። በወሩም የዕድር ቀን መዋጮአችሁን ስትከፍሉ ጸሐፊውን «ከስሜ ትይዩ ይህችን መስመር ጻፍልኝ» በሉት። ለመስጠት ያልፈቀደ ሰው ደግሞ ይህንኑ ለቤተ ሰቡ በግልጥ ይንገር፤ እርሱም ቢሆን ልጆቹን ከጭንቀት ያድናቸዋልና።

ድንኳን፥ ወንበርና ሰሐን ለለቅሶ እንዲደርስ በየወሩ እናዋጣለን። አንዲት መስመር ቀለም ለዕድሩ ብንጨምርለት በዚያው ጧት ለሁለት ሰዎች ብርሃን ያደርሳል።